የቅናት ዶሮ

«ሐበሻን በርበሬ አያቃጥለውም» ያለው ማን እንደሆነ ብቻ አግኙልኝ። ክስ የለኝም፣ ጠብም አልፈልግም። ናሽቪል ድረስ ወስጄ አንድ ዶሮ ልጋብዘው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት አሜሪካ ብቅ ብዬ ነበር። እንደ ደንቡ ዋሽንግተንን ተሳለምኩና (ሐበሻ አሜሪካ ሄዶ ዋሽንግተንን ሳይሳለም አይመለስም) ቴነሲ ግዛት ናሽቪል ከተማ ወደሚኖረው የአክስቴ ልጅ ዘንድ አመራሁ። እዚያ መኖር ከጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ታክሲ ይነዳል፣ ቤት ገዝቷል፣ ልጆች ወልዷል። ናሽቪል ሲባል ለአሜሪካኖቹ ትዝ የሚላቸው ጊታርና የካንትሪ ሙዚቃ ነው። እኔ ግን ያየሁት እንጀራ የሚሸጥበትን ሱቅ፣ ቡና የሚፈላበትን ቤት፣ እሁድ ጠዋት ነጠላ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውን ወገኔን ነው። የሐበሻ ልጅ እንደ ልብ የሚገኝባት ከተማ ናት።

የደረስኩት ዓርብ ማታ ነበር። የአክስቴ ልጅ ባለቤት ሽሮና ጎመን አቀረበችልኝ። «ዛሬ እንግዲህ ጾም ነው፤ ነገ ግን ዶሮ አለ ጋሼ» አለኝ የአክስቴ ልጅ። እኔ ዶሮ ወጥ መስሎኝ በልቤ «እሰይ!» አልኩ። ትልቋ ልጁ ግን ሳቀች። የአስራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፣ እዚያው የተወለደች። አማርኛ በደንብ ትሰማለች፤ ስትናገረው ግን ወንድና ሴት ይምታታባታል። «የእኛን ዶሮ ነው የምትበዪው አጎቴ» አለችኝ።

«የእኛ» ያለችው የናሽቪልን ነው። ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ቅዳሜ ዕለት ኖለንስቪል ፓይክ በሚባለው ረጅም ጎዳና ወሰዱኝ። የቤቱ ስም «ፕሪንስስ ሆት ችክን» ይባላል። ከውጭ ሲያዩት «ለዚህ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ መንገድ?» ያሰኛል። ሱቆች ተደርድረው ከቆሙበት ግቢ አንዱ ነው። ነገር ግን ይህ ቤተሰብ ዶሮ መጥበስ ከጀመረ ዘጠና ዓመት ገደማ ሆኖታል። እኛ አገር ዘጠና ዓመት የሞላው ምግብ ቤት ጥቀስ ብባል፣ እጄን ጭኜ ሳስብ ዶሮው ይቀዘቅዛል።

አስተናጋጅ መጥቶ «ምን ልታዘዝ?» አይልም። መስኮቱ ጋ ሄዶ ማዘዝ፣ ከፍሎ ቁጥር መያዝ፣ መጠበቅ ነው። ምርጫው የዶሮው ክፍል ላይ ሳይሆን በርበሬው ላይ ነው። በርበሬ ያልነካው አለ፣ ለስለስ ያለ አለ፣ መካከለኛ አለ፣ «ሆት» አለ፣ ከዚያ በላይ የኤክስ ምልክት እየተደራረበበት ሦስት ኤክስ ድረስ ይሄዳል። እኔ ምን እላለሁ? የበርበሬ አገር ሰው ነኝ፤ ሚጥሚጣ በጥሬ ሥጋ ላይ በትኜ የምበላ። «ሆት» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

«አጎቴ፣ ተይ! ሚዲየም ይበቃሻል» አለችኝ ልጅቷ።

«ተይ» የተባልኩት እኔ ነኝ። በጾታዬ ላይ አልተከራከርኩም፤ በበርበሬው ግን አልሸነፍም ብዬ በአቋሜ ጸናሁ።

እዚያ ቤት ዶሮ ቀድሞ ተጠብሶ ተከምሮ አይጠብቅም፤ ሲታዘዝ ነው የሚጠበሰው። ስለዚህ ጨዋታ ያስፈልጋል። ጨዋታውን ያመጣችው ልጅቷ ናት። የናሽቪል ልጅ ሁሉ የሚያውቀውን ታሪክ ነገረችኝ።

በ1930ዎቹ ነው አሉ (እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር)። ቶርንተን ፕሪንስ የሚባል መልከ መልካም ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ሴት ይወዳል። አንድ ቅዳሜ ሌሊት ሲዞር አድሮ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አብራው የምትኖረው ሴት አልጮኸችም፣ ሳህን አልወረወረችም። «ቁርስ ላቅርብልህ» አለችው። የዶሮ ጥብስ እንደሚወድ ታውቃለች። ዶሮውን ጠበሰችና ማጀት ውስጥ ያገኘችውን በርበሬ ሁሉ አራገፈችበት። አፉን ልታቃጥለው፣ ልትበቀለው። ሰውየው ቀመሰ። ላበው። አለቀሰም ይሆናል። ከዚያ ምን አለ መሰላችሁ? «ጨምሪልኝ!»

በቀሉ ከሸፈ፣ ምግቡ ተገኘ። ቶርንተን ለወንድሞቹ አቀመሳቸው፤ ወደዱት። ተባብረውም ምግብ ቤት ከፈቱ። ዛሬ በመላው አሜሪካ «ናሽቪል ሆት ችክን» የሚባለው ዶሮ አያቱ ይህች የቅናት ዶሮ ናት።

ጨዋታው እዚህ ላይ ሲደርስ ቁጥራችን ተጠራ።

ስለ ዶሮዋ በሥርዓቱ ልናገር፤ ሰው እዚህ ድረስ ያነበበኝ ለእሱም ነውና። ከስር ሁለት ቁራጭ ነጭ ዳቦ ተነጥፏል። ከላይ ከነአጥንቷ የተጠበሰች፣ ከቀይ አልፋ ወደ ጥቁር የሄደች ደረት ተቀምጣለች። በእንጨት ስንጥር የተሰካ፣ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያር አናቷ ላይ አለ። በቃ። ሹካና ቢላ የሚጠይቅ ነገር የለም፤ በእጅ ነው። እዚህ ላይ ከቤቱ ጋር ወዲያው ተስማማሁ።

የአሠራሩ ጠቅላላ መንገድ የታወቀ ነው። ዶሮው በዱቄት ይለወስና በጋለ ዘይት ይጠበሳል። ከወጣ በኋላ ካየን የሚሉት ቀይ በርበሬ በስብ ተለውሶ ይቀባል። ዋናው ቅመም ግን የቤተሰቡ ምስጢር ነው። የመጀመሪያው ጉርሻ ላይ የሚመጣው ጨው ነው፤ ቅርፊቱ ቅባት ተቀብቶም እንኳ ጥርስ ስር ይንኮሻኮሻል። ቀጥሎ ሥጋው ይመጣል፤ ከውስጥ ወዙ አልደረቀም። «ይሄ ነው እንዴ የፈራችሁልኝ?» ብዬ ወደ ልጅቷ ዞርኩ። ልጅቷ ዝም ብላ ታየኛለች። እሳቱ ለካ ወዲያው አይመጣም። እንደ አበዳሪ ቀኑን ጠብቆ ነው የሚመጣ። በሦስተኛው ጉርሻ መጣ። ከንፈሬ፣ ከዚያ ምላሴ፣ ከዚያ ጆሮዬ። አዎ፣ ጆሮዬ! ዓይኔ እንባ አቀረረ። የአክስቴ ልጅ «ወተት ላምጣልህ ጋሼ?» አለኝ። የበርበሬ አገር ሰው ወተት ጠጣ።

ለምን እንዳሸነፈኝ ሳስበው ነገሩ ገባኝ። እኛ ቤት በርበሬ ብቻውን አይመጣም። ፀሐይ ይመታዋል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላ፣ ከኮረሪማ ጋር ይደለዛል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል። ከዚያም ያ ሁሉ ሽንኩርት ቁሌቱ ላይ ሰዓታት ሲያበስለው፣ ቅቤ ሲያለዝበው፣ ዶሮዋ ጋ የሚደርሰው ትምህርቱን ጨርሶ ነው። የናሽቪሉ በርበሬ ግን መጨረሻ ላይ ከነቁጣው ነው የሚቀመጥ። ዶሮ ወጥ በርበሬን ያስታርቃል፤ የናሽቪል ዶሮ ጠቡን እንዳለ ያቀርባል። ደግሞም ተገቢ ነው፤ ሲፈጠርስ ለጠብ አልነበረም? አንዱን ከሌላው አላበልጥም። ብቻ ሐበሻ በመሆን ብቻ ለዚያኛው ፈተና እንደተዘጋጀ የሚቆጥር ሰው እንደ እኔ ይዋረዳል። በርበሬ እንደሆነ መነሻው የአሜሪካ ምድር ነው፤ እኛ ጋ የደረሰው ከኮሎምበስ ዘመን በኋላ ነው። በባለቤቱ አገር ሄጄ ነው የፎከርኩት።

ከሁሉም ከሁሉም ግን ዳቦው። ከስር የተነጠፈው ተራ ነጭ ዳቦ ቅባቱን፣ በርበሬውን፣ የዶሮውን ወዝ ጠጥቶ ሲጠብቅ! የወጥ ትሪ ላይ የመጨረሻዋን፣ ስትነሳ የምትበጣጠሰውን የታችኛዋን እንጀራ የሚያውቅ ሰው ይህን ዳቦ ለማንም አይሰጥም። ናሽቪል ሄዳችሁ ዳቦውን ትታችሁ እንዳትነሱ።

ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ለማወዳደር ብዬ ስሙን በማልጠራው፣ ቅርንጫፉ በየቦታው በሆነ ሌላ ቤት ያንኑ «ናሽቪል ሆት» የተባለውን ቀመስኩ። ቀለሙ አንድ ነው። በርበሬው ግን እንደ ቀለም ተቀብቶ ዶሮው ውስጥ ያልገባ ነገር ነው። ያቃጥላል፣ ግን ምንም አይልም። ሰው ሲሳደብ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ አይደል፣ ሳይናደድ? እንደዚያ ነው።

የዚያን ቤተሰብ ታሪክ ከዚያ ወዲህ ስከታተለው ምግቡን እንደገና የበላሁ ያህል ሆነልኝ። ቤቱ መጀመሪያ ስሙ «ባርቤኪው ችክን ሻክ» ነበር። ጥቁርና ነጭ በሕግ ተለያይቶ በሚኖርበት በዚያ ዘመን ለተወሰነ ጊዜ ሥራውን ሲሠራ የነበረው ራይመን ከሚባለው ትልቅ የሙዚቃ አዳራሽ አቅራቢያ ነው። ማታ ዝግጅታቸውን የጨረሱ ነጭ የካንትሪ ዘፋኞች ይመጡ ነበር፤ ቤቱ እስከ ሌሊት ክፍት ነውና። የሚገርመው፣ በከተማው ውስጥ ጥቁሮች ከጓሮ በር ሲገቡ እዚህ ግን ነገሩ ተገልብጦ ነጮቹ ናቸው በኋላ በኩል በተዘጋጀላቸው ክፍል የሚስተናገዱት። ጥቁሮቹ ከፊት ይቀመጣሉ። ዶሮዋን ከወደድክ ትገባለህ፣ በየትኛውም በር።

ቤቱ አንድ ቦታ ተደላድሎም አልኖረም። ስንት ጊዜ ሰፈር ቀይሯል። የናሽቪል ጥቁሮች የንግድ ማዕከል የነበረውን የጀፈርሰን ጎዳና አካባቢ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ትልቁ አውራ ጎዳና መሃል ለመሃል ሰንጥቆት ስንቱ ቤትና ሱቅ ፈርሷል። እ.ኤ.አ. በ1980 የቶርንተን የወንድም ልጅ ልጅ የሆነችው አንድሬ ፕሪንስ ጄፍሪስ ቤቱን ተረከበች። ልጆቿን ለብቻዋ የምታሳድግ እናት ነበረች። አሁን ያለውን ስም ያወጣችለት እሷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2013 ትልቁ የአሜሪካ የምግብ ሽልማት፣ የጄምስ ቢርድ ፋውንዴሽን፣ ለረጅም ዕድሜ የአካባቢ ቤቶች የሚሰጠውን ክብር ሰጣት። ከዚያ ቀድሞ ከንቲባ ቢል ፐርሴል እዚያ ቤት ከመመላለሳቸው የተነሳ «ሁለተኛ ቢሮዬ» እስከማለት ደርሰዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የከተማዋ የሆት ችክን በዓል እንዲጀመርም ምክንያት ሆነዋል።

ክብር ሲመጣ ኮራጅም ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 ሀቲ ቢስ የሚባለው ቤት ተከፈተና ቱሪስቱ በሰልፍ ጎረፈ። እ.ኤ.አ. በ2016 ኬኤፍሲ ሳይቀር «ናሽቪል ሆት» ብሎ በመላው አገሪቱ ሸጠው። አንዲት ሴት በንዴት የሠራቻት ቁርስ የኩባንያ ምርት ሆነች። እ.ኤ.አ. በ2018 ማብቂያ ላይ ደግሞ አንድ መኪና የቤተሰቡ አሮጌ ቤት ያለበትን ሕንፃ ጥሶ ገብቶ እሳት ተነሳና ያ ቤት ተዘጋ። እኔ የበላሁበት ሌላው ቤታቸው ነው።

ታዲያ ምን አኖረው? ሕንፃው አይደለም፤ ሕንፃው ስንቴ ሄዷል። ገንዘቡም አይመስለኝም፤ ከእነሱ ይልቅ የኮረጁት አትርፈዋል። ያኖረው አንድ ምግብ ብቻ መሥራታቸውና በየዘመኑ ከቤተሰቡ አንድ ሰው «እኔ እይዘዋለሁ» ማለቱ ነው። በየዘመኑ አንድ ሰው። ከዚህ የበለጠ ምስጢር ፈልጌ አላገኘሁም።

እዚህ ላይ ከናሽቪል ወደ ደብረ ሲና ልውሰዳችሁ።

አሜሪካ ውስጥ፣ ቨርጂኒያ ግዛት፣ ጎርደንስቪል የምትባል የባቡር መገናኛ ከተማ አለች። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ባቡር በቆመ ቁጥር ጥቁር ሴቶች የዶሮ ጥብስና ዳቦ በትሪ ተሸክመው በመስኮት በኩል ለተሳፋሪው ይሸጡ ነበር። ከባርነት የወጡ እናቶች በዚያ ዶሮ ቤት ሠርተዋል፣ ልጅ አሳድገዋል። ይህን ሳነብ ዓይኔ ላይ የመጣው ባቡር አልነበረም፣ የደሴ አውቶቡስ ነው። ማለዳ ከመርካቶ ተነስቶ ጣርማ በርን በጉም ውስጥ አቋርጦ፣ ቁልቁል ወርዶ ደብረ ሲና ሲቆም በመስኮት በኩል የሚዘረጋው እጅ! ቆሎ፣ እንቁላል፣ ብርቱካን።

ከመስኮቱ ለወረደ መንገደኛ ደግሞ የአክስቴ ቤት ነበረች። ሰሌዳ የላትም። «እትዬ ቤት» ነው የምትባለው። ሾፌርና ረዳት ቀድመው የሚሮጡባት፣ ዶሮ ወጧ ከደሴ እስከ አዲስ አበባ የታወቀች ቤት። አክስቴ ሠላሳ ዓመት ሠርታባታለች። ዛሬ ናሽቪል ታክሲ የሚነዳውን ልጇን ያስተማረችው፣ ለአሜሪካ ያበቃችው በዚያች ወጥ ነው። «ልጄን ከጭስ አወጣሁት» ትል ነበር፣ በኩራት። ማጀት ብቅ ሲል «ወንድ ልጅ እዚህ ምን ይሠራል?» ብላ ታባርረዋለች። ታዲያ ከጭስ ወጣና ወጣ፣ አልተመለሰም።

አክስቴ ስትሞት፣ ከአስር ዓመት በፊት ነው፣ ከአርባዋ በኋላ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ስለ ቤቷ መከረ። የተማረ ነው ተብዬ አስተያየት የተጠየቅሁት እኔ ነኝ። የተናገርኩትን እስከዛሬ አስታውሰዋለሁ። «ወራሽ የሌለው ሥራ ነው። ማን ከጭስ ጋር ይታገላል? ይከራይ» አልኩ። ሁሉም «እውነት ነው» አሉ። ተከራየ። ዛሬ ሞባይል የሚጠገንበት ሱቅ ነው።

እኛ አገር የቤተሰብ ሥራ ለምን ከአንድ ትውልድ አያልፍም ሲባል የምንደረድረው ምክንያት አናጣም። እኔም ስደረድር የኖርኩ ነኝ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ተወርሷል፤ ያን ጊዜ ስንቱ ያቆመው ነገር እንደፈረሰ እናውቃለን። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ፒያሳ ስትፈርስ ስንት ዘመን የኖሩ ቤቶች አብረው ሄደዋል። እውነት ነው፣ ዛፍ በየሃያ ዓመቱ እየተነቀለ ጥላ አይኖርም። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። የአክስቴን ቤት ግን ደርግም አልወረሰው፣ መንገድም አላፈረሰው። የዘጋነው እኛ ነን። የተናገርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

የባሰውን የነገረችኝ ያቺ ጾታ የምታምታታ ልጅ ናት። ዶሮዋን ጨርሰን፣ እኔ ወተቴን እየጠጣሁ፣ በድንገት «ስሟ ማን ነው?» አለች።

«የማን?» አልኳት።

«ዶሮውን የጠበሰችው ሴት። የቶርንተን ሴት።»

ስልኳን አወጣች። ፈለገች። እኔም ከዚያ ወዲህ ፈልጌአለሁ። የለም። ታሪኩ በሚነገርበት ሁሉ የሰውየው ስም አለ፣ የወንድሞቹ ነገር አለ፣ ሌሊት ሲዞር ማደሩ ሳይቀር አለ። የእሷ ስም ግን አልተመዘገበም። ቤቱ በበላው ሰው ስም ተጠራ፤ የሠራችው ሴት «አንዲት የተቆጣች ሴት» ሆና ቀረች። ልጅቷ በጣም ተናደደች። «ሁሉ ነገር የእሷ ነው፣ ስሙ ግን የእሱ!» አለች። ይሄን ስትል አንድም ጾታ አላምታታችም።

እኔ ደግሞ እንደ ትልቅ ሰው ላጽናናት ብዬ አንድ ነገር ተናገርኩ። «እኛ አገር እንኳ እንዲህ አይደለም። የአያትሽ ቤት በራሷ ነበር የሚጠራው፣ እትዬ ቤት ተብሎ» አልኳት።

«የአያቴን ዶሮ ማን ነው የሚሠራው? አያቴ?»

«አዎ» አለ አባቷ። ከዚያ ቆም አለ። «ማለቴ... እማዬ ትቀምሳለች፣ ገንዘብ ትቀበላለች፣ እንግዳ ታስተናግዳለች። ሽንኩርቱን የምትከትፈው፣ ዶሮውን የምትገነጥለው፣ ቁሌቱን የምታማስለው ማሚቴ ናት።»

«ማሚቴ ማን ናት?»

«ሠራተኛችን።»

«ስሟ ማን ነው?»

«ማሚቴ...» አለና ወደ እኔ ዞረ። እኔም ወደ እሱ። ማሚቴ ስም አይደለም። አገር ምድሩ ሠራተኛውን የሚጠራበት ነው። ከአስራ ስምንት ዓመት በላይ በዚያ ማጀት የኖረች ሴት፣ እኔ ስንት ጊዜ እጇን በልቼ፣ «እጅሽ ይባረክ» ብዬ ያመሰገንኩት አክስቴን ነው። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ናሽቪል ላይ አንድ ጠረጴዛ ከብበን፣ የሴትየዋን ስም ለማስታወስ ግንባራችንን አሸን፣ አሸን፣ አጣነው። ልጅቷ አንዴ አባቷን፣ አንዴ እኔን ታያለች። ምንም አላለችም። ብትሳደብ ይሻለኝ ነበር።

አርባዋ ላይ ወጡን የሠራችው እሷው ማሚቴ እንደነበረች ትዝ አለኝ። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ «ወራሽ የሌለው ሥራ ነው» ብዬ በጨዋ አማርኛ ስናገር፣ ወራሿ ከድንኳኑ ጀርባ ጭስ ውስጥ ቆማ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ሠላሳ ዓመት የታወቀችው ወጥ እጇ ላይ ነበረች። ማንም ዞሮ «አንቺ ትይዥዋለሽ ወይ?» አላላትም። ጥቂት ብርና የአክስቴን አንድ ጋቢ ሰጥተን አሰናበትናት። እንደ ቸር ሰዎች ተሰምቶንም ነበር።

ለካ ልጅ ብቻ አይደለም ወራሽ። እኛ ወራሽ ስንፈልግ የምናየው ሳሎን ነው፤ ወረቀት ያለውን፣ ደም የሚያገናኘውን። ሥራውን የያዘው እጅ ግን ማጀት ነው ያለው። የፕሪንስ ቤተሰብ ዶሮዋን ዘጠና ዓመት ሲያቆያት አንድ ስም ጥሎ ነው፣ ያ ዕዳቸው ነው። እኛ ግን ስሙንም ዶሮዋንም ጥለናል።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ደብረ ሲና ለሚኖር ዘመድ ደወልኩ። «እትዬ ቤት ትሠራ የነበረችውን ሴት አፈላልግልኝ፤ መጀመሪያ ስሟን ብቻ ንገረኝ» አልኩት። ሳምንት ቆይቶ መልስ ሰጠኝ።

«ያቺን ማሚቴን ነው የምትለኝ?»

እስካሁን ያገኘሁት ይህንኑ ነው። ፍለጋውን አልተውኩም፤ የናሽቪሏም ልጅ በየሳምንቱ በስልክ ትጠይቀኛለች። «አገኘሻት ወይ አጎቴ?» ትለኛለች። አላገኘኋትም።

እናላችሁ፣ ናሽቪል ከሄዳችሁ መካከለኛውን እዘዙ፣ ዳቦውን ብሉ፣ ወተት ከመጠጣትም አትፈሩ። ከዚያ በፊት ግን፣ ዛሬ ማታ፣ ቤታችሁ ወጥ ሲቀርብላችሁ ማን እንደሠራው ጠይቁ። ስሟን ማለቴ ነው።